ማሪሊን ሞንሮ፦ በዘመኗ ስም ያልወጣለት ሕመም እና ከሞቷ በኋላ የደረሰው ሕክምና

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 1961 በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘው ፔይን ዊትኒ የሥነ አእምሮ ክሊኒክ ፌ ሚለር የተባለች የ34 ዓመት ታካሚ ተቀበለ። ስሙ የተመዘገበው ጋዜጠኞች እንዳያውቁ ነበር። ሴትየዋ ዓለም ማሪሊን ሞንሮ ብሎ የሚያውቃት፣ በዚያን ጊዜ ፎቶግራፏ በየትኛውም የምድር ጥግ ተለጥፎ ሊገኝ የሚችል ተዋናይት ናት። ከሦስተኛ ባሏ ከተፋታች ገና ሳምንታት መቁጠሯ ነው። እንቅልፍ አጥታለች፤ ምግብ ትታለች። ሐኪሟ ማሪያን ክሪስ ዕረፍት ታገኛለሽ ብለው ወደዚያ ሲልኳት የጠበቀችው እንደ ማንኛውም ሆስፒታል ያለ ክፍል ነበር።

የገባችበት ግን ከውጭ የሚቆለፍ፣ መስኮቱ የታጠረ፣ አስታማሚ በበሩ መስተዋት የሚያያት ክፍል ሆነ። ልብሷና ንብረቷ ተወሰደባት። እናቷና አያቷ የገቡበትን ዓይነት ቦታ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትፈራ ለኖረች ሴት፣ ፍርሃቷ ሁሉ በአንድ ቀን እውን ሆኖ ታያት። ኋላ ለሌላው ሐኪሟ በጻፈችው ረጅም ደብዳቤ እንደተረከችው፣ ሰሚ ስታጣ ወንበር አንስታ የበሩን መስተዋት መታች። ሐሳቡን ያገኘችው ከራሷ ፊልም ነበር። በ1952 በወጣ አንድ ፊልም ላይ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የወጣች ሞግዚት ሆና ተውናለች። እብድ ብለው ከያዙኝ እንደ እብድ እሆንላቸዋለሁ ብላ አስባ እንደነበር ደብዳቤው ያሳያል። ውጤቱ ይበልጥ ጥብቅ ወደሆነው ክፍል መወሰድ ሆነ።

ያስፈታት የቀድሞ ባሏ፣ የቤዝቦል ኮከቡ ጆ ዲማጂዮ ነው። ከፍሎሪዳ በሮ መጥቶ፣ ካላስረከባችሁኝ ሕንጻውን ጡብ በጡብ አፈርሰዋለሁ ብሎ እንደዛተ ይነገራል። ከዚያ ወደ ኮሎምቢያ ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ተዛውራ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ታከመች። ክሪስ በውሳኔያቸው ክፉኛ ተጸጽተዋል ይባላል። ማሪሊን ግን ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ እንዲሆኑ አልፈቀደችም።

ይህች ሴት ምን ነበረባት? በዘመኗ የነበሩት ሐኪሞች የሰጧቸው መልሶች እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። ዛሬ ላይ በርካታ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎችና የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ታሪኳን ሲያነቡ አንድ ስም ይመጣላቸዋል፤ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር የሚባለው የስብዕና መታወክ። በአማርኛ ሁሉም የሚስማማበት ስያሜ ገና የለውም። ሕመሙ ያለበት ሰው በእኛ ቋንቋ ዓመለኛ፣ ሆደ ባሻ፣ ግልፍተኛ፣ አስቸጋሪ ተብሎ ይታለፋል። ዓመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ፣ ጥፋቱ የሰውየው የገዛ ራሱ ተደርጎ ይቆጠራል። በ1950ዎቹ ሆሊውድም ነገሩ ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም።

አስቀድሞ አንድ ነገር ማስቀመጥ ይገባል። በአካል ያልመረመሩትን ሰው፣ ያውም የሞተን፣ ይህ ሕመም አለበት ብሎ መፍረድ የሕክምና ሙያ ሥነ ምግባር አይደግፈውም። ማሪሊን በዚህ ስም በይፋ የተሰጠ የምርመራ ውጤት የላትም፤ ሊኖራትም አይችልም ነበር፤ ሕመሙ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ የገባው እሷ ከሞተች ከ18 ዓመት በኋላ በ1980 ነውና። ይሁንና ሕይወቷ ከሕመሙ ታሪክ ጋር የተጠላለፈበት መንገድ፣ ምርመራው ትክክል ሆነም አልሆነም፣ ሊነገር የሚገባው ነው።

አባትም እናትም ያልነበሩበት ቤት

ኖርማ ጂን የተወለደችው ሰኔ 1 ቀን 1926 በሎስ አንጀለስ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። እናቷ ግላዲስ በአንድ የፊልም ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ የፊልም ጥቅሎችን እየቆረጠች የምትኖር ሠራተኛ ነበረች። አባቷ ቻርልስ ጊፎርድ እዚያው የሚሠራ የግላዲስ አለቃ ሲሆን፣ ልጅቷን ልጄ ብሎ አልተቀበላትም። አባትነቱ በዘረመል ምርመራ የተረጋገጠው በ2022፣ ማንም ሊጠቀምበት በማይችልበት ጊዜ ነው። ግላዲስ ከዚያ በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች የመጀመሪያ ባሏ ወደ ኬንታኪ ወስዶባታል።

ሕፃኗ በተወለደች በሁለት ሳምንቷ ገደማ በሆቶርን ከተማ ለሚኖሩ፣ ቦሌንደር ለሚባሉ ሃይማኖተኛ ባልና ሚስት በክፍያ እንድታድግ ተሰጠች። እነሱ ዘንድ ሰባት ዓመት ኖረች። ቤቱ ክፉ ቤት አልነበረም። ሆኖም ልጅቷ እማዬ ማለት የምትችለው ማንን እንደሆነ በትክክል ሳታውቅ አደገች። በሳምንቱ መጨረሻ እየመጣች ይዛት የምትወጣው ቀይ ፀጉር ያላት ሴት እናቷ መሆኗን መረዳት ለሕፃን ቀላል አልነበረም።

በ1933 ግላዲስ በሆሊውድ አነስተኛ ቤት ገዝታ ልጇን ወሰደች። አብረው የኖሩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በ1934 መጀመሪያ ላይ ግላዲስ አእምሮዋ ታወከ፤ ፓራኖይድ ስኪዞፍሬኒያ ተብሎ ተመዘገበ፤ ቀሪ ዕድሜዋንም በአብዛኛው በሆስፒታሎች አሳለፈች። የግላዲስ እናት ዴላም ቀደም ብላ በ1927 በኖርዎክ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞታ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝርዝር መከታተል ያደክማል። የግላዲስ ጓደኛ ግሬስ የልጅቷ ሕጋዊ ሞግዚት ሆነች። በመስከረም 1935 ግን ኖርማ ጂን የሎስ አንጀለስ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። ኋላ ራሷ እንደተናገረችው፣ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብባ እናቴ በሕይወት አለች፣ ወላጅ አልባ አይደለሁም እያለች አልቅሳለች። ከመኝታ ክፍሉ መስኮት የአርኬኦ ፊልም ኩባንያ የውኃ ማማ ይታያት ነበር። ከዚያ ወደ ግሬስ ቤት፣ ከዚያ ወደ ዘመድ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ዘመድ። በእነዚህ ዓመታት ወሲባዊ ጥቃት እንደተፈጸመባት በሕይወት ሳለች በይፋ ተናግራለች፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን በአደባባይ የተናገረች ዝነኛ ሴት ማግኘት ብርቅ ነበር። ስትናገር መንተባተብ የጀመራትም በልጅነቷ ነው።

ቤተሰቡ በ1942 ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሲሄድ እሷን ሊወስዳት አልቻለም። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወደ ማሳደጊያው መመለስ ወይም ማግባት። 16 ዓመት በሞላት በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤቱን ልጅ ጂም ዶኸርቲን አገባች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባሏ በባሕር ላይ ሳለ፣ በምትሠራበት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አንድ የጦር ሠራዊት ፎቶ አንሺ አገኛት። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል፤ በ1946 ከፎክስ ኩባንያ ጋር ውል፣ ፍቺ፣ አዲስ ስም። ሞንሮ የእናቷ የአባት ስም ነበር።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ዛሬ የአሜሪካ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መመሪያ ለዚህ የስብዕና መታወክ ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል። አንድ ሰው ሕመሙ አለበት ለመባል ቢያንስ አምስቱን፣ ለረጅም ጊዜና በተለያዩ የሕይወት ሁኔታዎች ውስጥ ማሳየት ይኖርበታል። ማዕከሉ መተውን መፍራት ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ምክንያት ባይኖረውም የሚያቃጥል ነው፤ ስልክ ሳይነሳ መቅረቱ እንኳ እንደ ሞት መርዶ ሊሰማ ይችላል። ከዚህ ጋር አንድን ሰው ዛሬ መልአክ፣ ነገ ከሃዲ አድርጎ ማየት፣ እኔ ማን ነኝ ለሚለው ጥያቄ የጸና መልስ ማጣት፣ በሰዓታት ውስጥ የሚገለባበጥ ስሜት፣ የማይሞላ የባዶነት ስሜት፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ ውጤቱ ያልታሰበበት ድርጊት፣ ራስን መጉዳት፣ ጭንቀት ሲበረታ ሰውን መጠራጠር ይመጣሉ።

ባለሙያዎች መነሻው አንድ ብቻ ነው አይሉም። ስሜቱ ከተፈጥሮው ቶሎ የሚነካና ለመብረድ ጊዜ የሚወስድ ሕፃን፣ ሕመሙን በማያምንለት ወይም በሚያቃልልበት አካባቢ ሲያድግ ሁለቱ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ። በልጅነት የደረሰ ጥቃትና መጣል በበርካታ ታካሚዎች ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ በሁሉም ግን አይደለም። ዘርም ድርሻ አለው።

ቦርደርላይን፣ ማለትም ድንበር ላይ ያለ የሚለው ቃል የመጣው ከኒው ዮርኩ ሐኪም አዶልፍ ስተርን ነው። በ1938 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከቀላሉ የመንፈስ ጭንቀትም ከከባዱ የአእምሮ ሕመምም ክፍል የማይገቡ፣ በሁለቱ ድንበር ላይ ያሉ ታካሚዎች እንዳሏቸው አስረዱ። ጽሑፉ ሌላም ነገር ይዟል፤ እነዚህ ሰዎች በተለመደው የሳይኮአናሊሲስ ሕክምና እንደሌሎቹ አይሻላቸውም። ማሪሊን ሞንሮ የታከመችው በዚያው ሳይኮአናሊሲስ ነው፤ ከ1955 እስከ ዕለተ ሞቷ።

ክብርና ፍርሃት

በ1953 ብቻ ሦስት ፊልሞች የዓለም ትልቅ ኮከብ አደረጓት። ከጆ ዲማጂዮ ጋር በጥር 1954 ያደረገችው ጋብቻ ግን ዘጠኝ ወር ገደማ ብቻ ዘለቀ። በዚሁ ዓመት በኮሪያ ለሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች በአራት ቀን ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ዘፈነች። በብርድ፣ በስስ ቀሚስ፣ ያለ ፍርሃት። መድረክ ላይ መውጣት እንደዚያ የሚያስደነግጣት ሴት ያን ቀን ለምን እንዳልፈራች ስትናገር፣ ወታደሮቹ በእርግጥ እንደሚወዷት ስለተሰማት እንደሆነ ገልጻለች።

ስለ ማሪሊን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ደካማነቷን ብቻ ያያል። ይህ ፍርድ የተዛባ ነው። በ1954 መጨረሻ ከፎክስ ጋር ያላትን ውል ረግጣ ወደ ኒው ዮርክ ሄደች፤ የራሷን የፊልም ኩባንያ ከፎቶ አንሺው ሚልተን ግሪን ጋር አቋቋመች፤ ኩባንያው ተሸንፎ በ1955 የመጨረሻ ቀን ለአንድ ፊልም 100 ሺህ ዶላር የሚከፍልና ዳይሬክተር የመምረጥ መብት የሚሰጥ አዲስ ውል እስኪፈርም ድረስ አልተመለሰችም። ይህን ያደረገች ሴት ውሳኔ አልባ ልትባል አትችልም። ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በሥራቸው ብርቱ መሆናቸውን የዛሬ ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ማዕበሉ የሚነሳው የቅርብ ሰው ጋ ነው።

የትወና መምህሯ ሊ ስትራስበርግ ተዋናይ የገዛ ራሱን ቁስል መቆፈር አለበት ብለው የሚያምኑ ነበሩና ሳይኮአናሊሲስ እንድትጀምር ገፋፏት። የመጀመሪያዋ ሐኪም ማርጋሬት ሆኸንበርግ የንግድ ሸሪኳን ግሪንንም ያክሙ ነበር። በ1957 ከግሪን ጋር ስትጣላ ሐኪሟንም ለወጠች። ተተኪዋ ማሪያን ክሪስ የቪየና ሰው፣ የፍሮይድን ልጆች ያከሙት ሐኪም ልጅ፣ የአና ፍሮይድ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ፤ የሚኖሩትም ስትራስበርጎች ባሉበት ሕንጻ ውስጥ ነው። ሐኪም፣ መምህር፣ ሸሪክ፣ ጎረቤት፣ ሁሉም በአንድ ክር ተያይዘዋል። ይህ አኳኋን እስከ መጨረሻው ተከተላት።

በሰኔ 1956 ጸሐፌ ተውኔቱን አርተር ሚለርን አገባች። ከሠርጉ ጥቂት ሳምንት በኋላ ለንደን ሳሉ ሚለር ስለ እሷ የጻፈውን ማስታወሻ ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አነበበች። በእሷ ማዘኑንና ማፈሩን የሚገልጽ ጽሑፍ እንደነበር ለወዳጆቿ ተናግራለች። ለሌላ ሰው መራራ ጠብ ሊሆን የሚችለው ለእሷ የምድር መናድ ሆነ። ልጅ ለመውለድ ያደረገችው ጥረትም በ1957 ከማሕፀን ውጭ በሆነ እርግዝና፣ በ1958 በውርጃ ተጨናገፈ። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል የማሕፀን ሕመም ዕድሜዋን ሙሉ አሠቃይቷታል።

የእንቅልፍ ክኒኑ የገባው በዚህ መሐል ነው። ባርቢቹሬት የሚባሉት መድኃኒቶች በዘመኑ እንደ ቀላል ነገር ይታዘዙ ነበር። ሌሊት ለመተኛት አንድ፣ ጠዋት ለመንቃት ሌላ፤ ፎክስም ሆነ ሌሎቹ ኩባንያዎች ተዋንያኑ ቀረጻ ላይ እስከተገኙ ድረስ አይጠይቁም። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ለመናገር ደርዘን ጊዜ መድገሟ፣ ሌላው ሁሉ ለብሶ ሲጠብቅ ለሰዓታት ከክፍሏ አለመውጣቷ በጋዜጣ እንደ ኮከብ ኩራት ተጻፈ። በ1958 የተቀረጸው፣ ጎልደን ግሎብ ያስገኘላት አስቂኝ ፊልም ዳይሬክተር ቢሊ ዋይልደር በቀረጻው ወቅት ተማርረው ነበር፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ ግን ችሎታዋን ደጋግመው መሰከሩ።

የዶክተር ግሪንሰን ሙከራ

ከ1960 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ የተከታተሏት ራልፍ ግሪንሰን በሙያው ትልቅ ስም ያላቸው ሰው ናቸው። በ1967 ያሳተሙት የሳይኮአናሊሲስ ዘዴ መጽሐፍ ለአንድ ትውልድ የማስተማሪያ መጽሐፍ ሆኗል። ለባልደረቦቻቸው የጻፏቸውን ደብዳቤዎች የመረመሩ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ቦርደርላይን የሚለውን ቃል ለማሪሊን ሁኔታ ተጠቅመውበታል። ጭንቀት ሲጸናባት እንደ ተጣለ ሕፃን እንደምትሆንም አስተውለዋል።

ያስተዋሉት ትክክል ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ግን የራሳቸውን መጽሐፍ የሚቃረን ሆነ። ቤተሰብ ያጣችውን ሴት ቤተሰብ በመስጠት አድናታለሁ ብለው አሰቡ። ምክክሩን ከቢሮ ወደ ቤታቸው አዛወሩት። ከሕክምናው በኋላ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ትቀመጣለች፤ ራት ትበላለች፤ ሳህን ታጥባለች። ክፍለ ጊዜው በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ለሰዓታት ሆነ። የቤት ጠባቂዋን ዩኒስ መሪን የጠቆሙላት እሳቸው ናቸው። የውስጥ ደዌ ሐኪሟንም እንዲሁ። ጠበቃዋ ሚልተን ሩዲን ደግሞ የእህታቸው ባል ነው። በ1962 መጀመሪያ በብሬንትውድ የገዛችው ቤት እንኳ የግሪንሰኖችን ቤት እንዲመስል ፈልጋ ነበር ይባላል።

ቅን ሐሳብ እንደነበራቸው የሚጠራጠር ጥቂት ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የዛሬዎቹ ሕክምናዎች በሙሉ የሚጀምሩት ወሰን በማበጀት ነው፤ መቼ እንገናኛለን፣ ስልክ መቼ ይደወላል፣ ቀውስ ሲመጣ ምን ይደረጋል የሚለው አስቀድሞ በስምምነት ይቀመጣል። መተውን ለሚፈራ ሰው ሁሌም እኖርልሃለሁ የሚል ተስፋ መስጠት መድኃኒት ይመስላል፤ ነገር ግን ያን ቃል ማንም ሰው ሊጠብቀው አይችልም። በግንቦት 1962 ግሪንሰን ለሳምንታት ወደ አውሮፓ ሄዱ። ማሪሊን በዚያ ወቅት የመጨረሻውንና ሳይጠናቀቅ የቀረውን ፊልሟን እየሠራች ነበር። ታመመች፤ ቀረች፤ ግንቦት 19 ቀን በኒው ዮርክ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ የልደት በዓል ዘፈነች፤ በሰኔ መጀመሪያ ፎክስ አባረራት። ግሪንሰን ጉዟቸውን አቋርጠው ቢመለሱም ጉዳቱ ደርሷል።

ነሐሴ 4 ቀን 1962 ከሰዓት በኋላ ግሪንሰን ብሬንትውድ ከእሷ ጋር ቆይተው ማምሻውን ሄዱ። ሌሊት የቤት ጠባቂዋ ደውላ ጠራቻቸው፤ የመኝታ ክፍሉን መስኮት ሰብረው ሲገቡ ሞታ አገኟት። 36 ዓመቷ ነበር። የሎስ አንጀለስ የአስከሬን ምርመራ ኃላፊ በባርቢቹሬት መመረዝ የደረሰ፣ ራስን ማጥፋት ሊሆን የሚችል ሞት ብለው መዘገቡት። ስለ ግድያ የሚወራው ወሬ ብዙ ነው፤ በ1982 የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን እንደገና አይቶ የሚታመን ማስረጃ አላገኘም። ወሬው የሚያስገርመው፣ ከእውነተኛው ታሪክ ይልቅ ተፈላጊ መሆኑ ነው። እውነተኛው ታሪክ ሁለት ሐኪሞች በአንድ ታካሚ መድኃኒት ላይ ሳይነጋገሩ የቀሩበት፣ ቀደም ሲል ራሷን ለማጥፋት የሞከረች ሴት ብቻዋን ያደረችበት ተራ ቅዳሜ ነው።

ምርመራው አዲስ ነገር ነበረው። ኃላፊው በከተማዋ ካለው ራስን የማጥፋት መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎችን ጠርተው የሟቿን የመጨረሻ ወራት ከሐኪሞቿና ከወዳጆቿ እንዲያጠኑ አደረጉ። ባለሙያዎቹ ለረጅም ጊዜ የቆየ የአእምሮ መታወክ፣ ከባድ ፍርሃት፣ ድንገት የሚለዋወጥ ስሜት፣ ቀደም ያሉ ሙከራዎች እንደነበሩ አረጋገጡ። ዝርዝሩን ዛሬ የሚያነብ ሐኪም ከላይ ከተጠቀሱት ዘጠኝ ነጥቦች በርከት ያሉትን ሊያገኝበት ይችላል። ሌላም መዘዝ ነበር። የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪው ዴቪድ ፊሊፕስ በ1974 ባወጡት ጥናት፣ ሞቷ በጋዜጦች በሰፊው ከተዘገበ በኋላ በአሜሪካ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ቁጥር በ12 በመቶ ጨምሮ እንደነበር አሳዩ። የዜና ተቋማት ስለ እንዲህ ያለ ሞት በጥንቃቄ እንዲጽፉ የሚያዝዙት መመሪያዎች ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች የተወለዱ ናቸው።

ሌላዋ የ1961 ታካሚ

ማሪሊን ከኒው ዮርኩ ሆስፒታል በወጣችበት በዚያው መጋቢት 1961፣ ከዚያ ብዙ በማይርቀው በሃርትፎርድ ከተማ የምትገኝ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ራሷን ትጎዳ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባለ፤ ከባድ መድኃኒት ተሰጣት፤ በተቆለፈ ክፍል ለብቻዋ ታሰረች፤ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየች። ስሟ ማርሻ ሊነሃን ይባላል። ድና ወጣች፤ ሥነ ልቦና ተማረች፤ ፕሮፌሰር ሆነች። የራሷን ታሪክ በይፋ የተናገረችው በ2011 ነው።

ፕሮፌሰር ሊነሃን ውጤቱን በ1991 ያሳተሙት ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የተባለ ሕክምና ለዚህ የስብዕና መታወክ ተሠርቶ ውጤታማነቱ በጥናት የተፈተነ የመጀመሪያው ነው። መሠረቱ እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መያዝ ነው፤ ታካሚውን እንዳለ መቀበልና እንዲለወጥ መጠየቅ። በሳምንት አንድ ቀን ከሐኪም ጋር ለብቻ፣ አንድ ቀን ደግሞ በቡድን ትምህርት አለ። ትምህርቱ እንደ ክፍል ትምህርት ነው። ማዕበሉ ሲነሳ ነገሩን ሳያባብሱ ማለፍ፣ ስሜትን በስሙ ጠርቶ ማብረድ፣ የሚፈልጉትን ሳይጮሁና ሳይለማመጡ መጠየቅ፣ አእምሮን አሁን ባለበት ሰዓት ላይ ማሳረፍ። ስልክ ይፈቀዳል፣ በወሰን። ሐኪሞቹም ብቻቸውን አይሠሩም፤ እነሱን የሚደግፍ ቡድን አላቸው። ግሪንሰን ያጡት ምናልባት ይህን የመጨረሻውን ነው።

ለሕመሙ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ክኒን አብረው ያሉትን ድብርትና ጭንቀት ሊያግዝ ይችላል፤ ሱስ የሚያስይዙ ማረጋጊያዎች ግን ለእነዚህ ታካሚዎች በጥንቃቄ እንጂ እንደ ልብ አይታዘዙም። መዳንን በተመለከተ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የነበረው ጨለምተኛ አመለካከት ተሸሯል። በቦስተን አቅራቢያ በሚገኘው ማክሊን ሆስፒታል ተመራማሪዋ ሜሪ ዛናሪኒና ባልደረቦቻቸው ከ1992 ጀምሮ 290 ታካሚዎችን ለዓመታት ተከታትለዋል። በአሥር ዓመት ውስጥ እጅግ የሚበዙት የሕመሙን መለኪያ የሚያሟሉ መሆናቸው ቀርቷል። ሥራና ትዳርን ማጽናት ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን ማዕበሉ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይረግባል። ማሪሊን የሞተችው ብዙዎቹ ታካሚዎች መረጋጋት በሚጀምሩበት ዕድሜ ነበር።

ኑዛዜው

ማሪሊን ኑዛዜዋን የፈረመችው በጥር 1961፣ ፔይን ዊትኒ ከመግባቷ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ለእናቷ ኑሮ የሚውል 100 ሺህ ዶላር በአደራ አስቀመጠች። ከቀሪው ሀብት አብዛኛውን ለስትራስበርግ፣ ሩብ ያህሉን ደግሞ ለማሪያን ክሪስ ተወች፤ ክሪስ ለመረጡት የሥነ አእምሮ ሕክምና ተቋም ሥራ እንዲያውሉት። ወር ሳይሞላ እኒያው ሐኪም በተቆለፈው ክፍል አስገቧት፤ እሷም አሰናበተቻቸው። ኑዛዜውን ግን ሳትቀይረው ሞተች።

ክሪስ የመረጡት የወዳጃቸውን የአና ፍሮይድን የሕፃናት ሕክምና ማዕከል ነው። ክሪስ በ1980፣ ሕመሙ በአሜሪካ መመሪያ ስም ባገኘበት በዚያው ዓመት ሲሞቱ ድርሻው ለንደን ውስጥ ለሚገኘው ለዚህ ማዕከል ተላለፈ፤ የማሪሊን ምስልና ስም ገቢም አብሮ። ከጊዜ በኋላ ማዕከሉን ለረጅም ዓመታት የመሩት ፕሮፌሰር ፒተር ፎናጊ ከአንቶኒ ቤትማን ጋር ሆነው ለቦርደርላይን ሕሙማን ሌላ ሕክምና ነደፉ። ሜንታላይዜሽን የሚባለው ይህ ዘዴ ታካሚው ስሜት ሲንጠው የራሱንም የሌላውንም ሰው ልብ ማንበብ እንዲለማመድ ያደርጋል። ያልተመለሰ ስልክ የግድ መተው እንዳልሆነ፣ ዝም ያለ ሰው የግድ እንዳልጠላ ቆም ብሎ መጠየቅን ያስተምራል። በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ጥናታቸው ራስን የመጉዳትና ራስን ለማጥፋት የመሞከር ድርጊቶች መቀነሳቸውን አሳይቷል። ማዕከሉ ዛሬም ለሐኪሞች በዚህ ዘዴ ሥልጠና ይሰጣል።

የአደራው ተጠቃሚ እናቷ ግላዲስ ከልጇ 22 ዓመት ያህል በላይ ኖረች። በ1984 በፍሎሪዳ ሞተች።